መስመር የበዛበት ሰማይ

አንዳንድ ነገር አንዴ ካዩት በኋላ አለማየት አይቻልም። ነጭ ሸሚዝ ላይ ያረፈች የወጥ ጠብታ፣ ግድግዳ ላይ ጠመም ብሎ የተሰቀለ ፎቶ... እናንተም አታጡትም፤ ዓይን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚያርፈው። እኔን የያዘኝ ደግሞ ሰማይ ነው።

የምን ሰማይ በሉኝ። ካዛንቺስ ባለው ቤቴ ኮምፒውተሬን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር በኬብል አገናኝቼ ጌም እጫወታለሁ። «በዚህ ዕድሜህ?» የሚል ካለ አንዴ ይሞክረውና ይፍረድ። አብሮኝ የሚጫወተው ሳምሶን ነው፤ አብሮ አደጌ፣ መምህር፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር። ወደ ጅማ ተዛውሮ ሊሄድ አራት እሑድ ሲቀረው፣ አራቱንም እኔ ጋ ልናሳልፍ ተቀጣጠርን።

በመጀመሪያው እሑድ የጌሙ ጀምበር ስትጠልቅ አየሁት። ብርቱካናማው ቀስ እያለ ወደ ሐምራዊ መቅለጥ ሲገባው፣ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ መስመር በመስመር ሆኖ ቁጭ!

«ሳሚ፣ ይታይሃል?»

አፍጥጦ አየና «አዎ... ማለቴ፣ ትንሽ ይታያል» አለ።

በቃ! እንግዳዬን በተሸነታተረ ሰማይ አስተናግጄ ልሸኝ? እንዴት ተደርጎ!

ያን ቀን የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ስነካካ መሸ። በሁለተኛው እሑድ ባምቢስ አጠገብ ካለ ሱቅ አዲስ ኬብል ገዛሁ፤ መስመሮቹ ንቅንቅ አላሉም። በሦስተኛው ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግኩት፤ ጌሙም አብሮ ጠፋ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይቺ ናት። እንደገና እስኪጫን ሳምሶን ስለ ልጆቹ ሲያወራኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ያሳፍራል።

በአራተኛው እሑድ ጉዱ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ቀለሙን በስምንት ቢት ቆጥቦ፣ ማለትም የቀለሙን እርከኖች አሳንሶ ሲልክ ኖሯል፤ አሥር አደረግኩት። ቴሌቪዥኑ «ላሳምርልህ» እያለ የሚጨማምረውንም አጠፋሁ። መስመሮቹ ጠፉ፤ ሰማዩ ቅቤ ሆነ።

«ሳሚ! እየው!»

ሳምሶን ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። ነገ ጠዋት ተጓዥ ነው፤ ገና ሻንጣውን አላሰረም።

«እውነቱን ልንገርህ? እኔ መስመር የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። አይታየኝም ብልህ ቅር ይልሃል ብዬ ነው።»

«ታዲያ አራት እሑድ ሙሉ ዝም ትለኛለህ?»

«ለራስህ የቸገረህ መስሎኝ!»

«እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው!»

ተያየን። መጫወቻውን ዘረጋሁለት። «እባክህ፣ አንድ ዙር» አልኩት። ሰዓቱን አየና ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሲያሸንፈኝ ሳቀብኝ፣ እኔም ሰደብኩት። ሰማዩን ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።