አቶ በጎ ጎኑ በማማረር ላይ የዘመቱበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ። በዘመነ አዎንታ፣ የምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተከትቶ ሳሎን በተሰቀለ በመጀመሪያው ዓመት፣ መፍቀሬ ምስጋና፣ ጸላኤ እሮሮ፣ ሥዩመ ሰው ኃይል አስተዳደር፣ ጎረቤት ሁሉ አቶ በጎ ጎኑ እያለ የሚጠራቸው ኃያል፣ መሥሪያ ቤታቸው ልኳቸው የአዎንታዊ ሥነ ልቦና ሥልጠና ፈጽመው፣ ደስታ በልምምድ እንደሚገኝ ተረድተው፣ ዕውቀታቸውም ለአንድ ቢሮ ቢበዛባቸው ወደ ቤታቸው ይዘውት ገቡ። እኔም ጸሐፊያቸው፣ ከእራታቸው የማልጠፋ ጎረቤት፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አማታቸው ነግረውኛል።

ወእምዝ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። ሠራዊቱም ይህ ነበር፤ ባለቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ እስፒል በከንፈሯ ይዛ ከስፌት መኪናዋ ሥር የምትውል፤ አማታቸው፣ የሰፈሩ የእሮሮ መምህርት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ወጡ ጨውና ስለ ጎረቤት ራዲዮ፣ ይኸውም ስለ እኔ ራዲዮ፣ ያለ ዕረፍት የሚያስተምሩ፤ ትንሿ ልጃቸውም፣ የሒሳብ ባላንጣ። እነዚህንም በጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማማረር ቀርቷል። እራት ሳይቀርብ እያንዳንዱ ሰው የገጠመውን ሦስት በጎ ነገር ይናገራል። ያማረረ ሳህን ያጥባል!»

በዚያ ሰሞን ሳህኑን ሁሉ አማትየው አጠቡ። ነገር ግን ብልህ ናቸውና ከሕጉ በሕጉ ማምለጥ ተማሩ፤ ጉልበቴ ዛሬም አልከዳኝም፣ እንደ ልማዱ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ፣ ተመስገን፣ ብለው መሰከሩ። ልጅቷም ሒሳብ ወድቃ፣ ሰፊ የመሻሻል ዕድል አገኘሁ ብላ አበሰረች። ኃያሉም አጨበጨቡ፤ ለሁሉም ቢጫ የፈገግታ ተለጣፊ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉ።

ባለቤታቸው በተራዋ የግራ ጥርሶቿ ደህና መሆናቸውን መሰከረች። በነጋታው ሾርባ የሚባል ነገር በመኖሩ አመሰገነች፤ ከዚያም ወዲያ ዛሬ ማንም አላስወራኝም ብላ አመሰገነች። ኃያሉም ከቀን ወደ ቀን አጥብቀው አጨበጨቡ። እስፒል በከንፈሯ ሳለ ዝም ማለቷ የሥራ ልማድ ነበር፤ እስፒሉ ከወጣ በኋላ ዝም ማለቷን ግን የሥልጠናው ፍሬ ነው አሉ፤ ቢሮም ሄደው በዚሁ ተኩራሩ። እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ፤ የሰው እራት እየበላ የማያጨበጭብ ማን ነው?

ወኮነ በአንዲት ቅዳሜ ጧት፣ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ስትዘመዝም ሳለ፣ እስፒሉን ከአፏ አውጥታ እጇን ወደ ቀኝ ጉንጯ ሰደደች፤ ጉንጯም አብጦ ነበር፤ እንባዋም በነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። አማትየውም ይህን አይተው፣ በወጥ ቤቱ በር ቆመው፣ ጭልፋቸውን እንደ በትረ መንግሥት ከፍ አድርገው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ አወጁ፦

«ስማ! ሳህኑን ዕድሜ ልኬን አጥባለሁ፣ አምጡት! ልጄ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። የግራው ደህና ነው ስትል፣ ቀኙስ ምን ሆነ የሚላት ባል አጣች! ሦስት በጎ ነገር፣ ሦስት በጎ ነገር ትላለህ፤ እስቲ አንድ ክፉ ነገር ጠይቃት!»

ኃያሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሕመም የማደግ ዕድል ነው የሚለው ትምህርት ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የሚስታቸውን ፊት አዩ፤ ካወጁ ወዲህ ገና ያን ጊዜ ማየታቸው ነበር። ደነገጡ፤ እያመማት ያጨበጨቡላት ጭብጨባ ሁሉ ትዝ አላቸውና አፈሩ። ትምህርታቸውንም ትተው የሚስታቸውን የእጅ ቦርሳ አነሡ።

ወዲያው ዘመቻ ሆነ። በግንባር አማትየው በጃንጥላቸው መንገደኛውን እየገፉ፣ በመካከል ሰፊዋ ጉንጯን በሻሽ አስራ፣ በቀኟ ልጅቷ የውሃ ጠርሙስ ታቅፋ፣ በደጀን ኃያሉ የሚስታቸውን የእጅ ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው፣ እኔም ለታሪክ ያህል ተከትዬ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ደጃፍ ደረስን። ወረፋው ግን እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ነበር።

በዚያም፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ታላቁ ውጊያ ተደረገ። ሰፊዋ አፏን እንደ ምንም ከፍታ ማማረር ጀመረች፤ ከጥርሷ ተነሣች፣ ወደ ወገቧ ወረደች፣ ዛሬ አጥብቢው ብላ ነገ አስፊው የምትለውን ደንበኛ አነሣች፣ ውሃ ልትጠጣ በሄደች ቁጥር ከማቀዝቀዣው ላይ የሚያፈጡባትን ቢጫ ፊቶች ረገመች፣ በመጨረሻም ወደ ባሏ መጣች፤ እዚያም ሰነበተች። ኃያሉም፣ በጎ ጎኑን ላሳይሽ የሚለው ቃል ከጉሮሯቸው እየወጣ ሲታገላቸው፣ ላብም በግንባራቸው ሲወርድ፣ እየዋጡ መለሱት። አልመከሩም፤ አላረሙም፤ ሰዓታቸውንም አላዩም። ትንፋሽ ልትወስድ ባረፈች ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንዲት አዋጅ አወጁ፦

«ከዚያስ?»

ወረፋተኛው ሁሉ ሰማ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ሴት ባላቸውን በክርናቸው ጎሰሙ። ሰፊዋም ባሏን ትክ ብላ አየቻቸው፤ እውነታቸውን እንደሆነም ባወቀች ጊዜ፣ እንደገና ሀ ብላ ጀመረች።

ጥርሱ ተነቀለ። ስትወጣ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ ነበር፤ በቀረው ግማሽ ለባሏ ፈገግ አለችላቸው፤ ቦርሳዋን ግን አልተቀበለቻቸውም። ኃያሉም በዚህ ጊዜ አላጨበጨቡም፤ ቦርሳውን ወደ ትከሻቸው ከፍ አድርገው ከጎኗ ሄዱ።

ስለዚህ ይጻፍ፣ ለትውልደ ትውልድም ይነገር። ከተማ የያዙ ብዙ ናቸው፤ ወንዝ የተሻገሩም ሞልተዋል፤ የገዛ ሚስቱ እሱን ስታማ ተቀምጦ ያዳመጠ፣ አዳምጦም ይቀጥል ያለ ጀግና ግን በየትኛውም ዜና መዋዕል አላገኘሁም። ክብር ለአቶ በጎ ጎኑ፣ ለመዋዔ ልሳኑ፣ ለሰማዔ ብሶት፣ ለጸዋሬ ቦርሳ!