ኢዞልደ ቁስቋም ስትደርስ

ውጭ አገር ጥቂት ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ጫማ ያመጣል፣ ሌላው ሳል። እኔ ከጀርመን ስም ይዤ መጣሁ።

ለአጭር ሥልጠና በሄድኩበት አንድ ምሽት ኦፔራ ወሰዱን። ታሪኩ የኢዞልደ ነበር፤ የጥንት አፈ ታሪክ ጀግና ናት። ቋንቋው አልገባኝም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ መሃል ላይ እንቅልፍም ወስዶኛል። መጨረሻው ላይ ግን በሴትየዋ ድምፅ ነቃሁና ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሙዚቃ ሰው ሆንኩ። የሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ባለቤቴ ሰብለ ሴት ልጅ ወልዳ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን እንደገባን፣ አማቴ ባሉበት፣ "ልጄ ኢዞልደ ትባላለች" ብዬ አወጅኩ።

"ማን ናት እሷ?" አለች ሰብለ።

ለንጉሥ ታጭታ ስትሄድ መርከብ ላይ መስተፋቅር መጠጣቷን፣ ሊወስዳት የመጣውን ሰው መውደዷን፣ በመጨረሻም ሬሳው ላይ ዘፍና ዘፍና መሞቷን በስሜት ተረክኩላቸው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"በመስተፋቅር?"

"ኦፔራ ነው እኮ፣ እማማ።"

"አራስ ቤት ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀዘቀዘ። ልጅቷም ስም አጥታ "ሕፃኗ" እየተባለች ከረመች። "ስሙ አልከፋኝም፤ ዕጣዋ ነው የሚያስፈራኝ" አለችኝ ሰብለ አንድ ቀን፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ። ለማላውቃት ዘፋኝ ያለቀስኩት ሰው የሚስቴን ዕንባ አይቼ እንዳላየ አለፍኩ። ግትርነቴ አልለቀቀኝም። ስም ስም ነው አልኩ።

የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ መጡና ስሟን ጠየቁ። ጆሯቸው ደከም ብሏል።

"ኢዞልደ" አልኩ፣ በተቻለኝ ጀርመንኛ።

"ዕዝል?" ፊታቸው በራ። ወጣትነታቸውን ዜማ ሲማሩ ያሳለፉ ሰው ናቸው። "ከዜማችን ስልቶች አንዱ ነው እኮ! ማን አሰበው?"

"እሱ ነው፣ አባ" አለች ሰብለ፣ ፈጠን ብላ።

አባ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እየተመረቀ የሚያርም ማን አለ? ዞር ስል ሰብለ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አሜን አልኩ።

ዕዝል አሁን ተማሪ ሆናለች። እኔ ብቻ አልፎ አልፎ ኢዞልደ እላታለሁ። ባለፈው ልወስዳት ሄጄ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ስጣራ ጓደኛዋ ግራ ገብቷት ዞር አለች። ልጄ ረጋ ብላ አስረዳቻት፤

"አባቴ ነው። ስሜን መጥራት ያቅተዋል።"