የኢንጂኜሬው ጂፕ ቁስሎች

መኪናው የተጫረበትን ሰው እንዴት ነው የሚያጽናኑት? እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁበትም። አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ የሰፈራችን ሰው መኪና ግድግዳ ታክኮ በሩ ላይ የስንዝር ጭረት ወጣበትና ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ከንፈሩን ሲመጥ አይቻለሁ። ለቅሶ ነበር ብል አጋነንሽ እባላለሁ፤ ግን የቀረው ድንኳኑ ብቻ ነበር። አይፈረድባቸውም። መኪና ማለት ጠበል ተረጭቶ ግቢ የሚገባ፣ የወንበሩ ላስቲክ ለዓመታት የማይነሳለት የቤተሰብ አባል ነው። እኔም መኪና ባይኖረኝ መጽሐፍ አለኝ፤ ጀርባው እንዳይሰበር ግማሹን ብቻ ከፍቼ፣ አንገቴን አጣምሜ ነው የማነበው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከዳኛ አትቁጠሩኝ።

ሮም መጥቼ የተቀጠርኩበት ቤት ጌታ ግን ሌላ ሃይማኖት ነበራቸው። ኢንጂኜሬ እላቸዋለሁ፤ ሚስታቸውን ሲኞራ። በሥነ ጽሑፍ ዲግሪዬ የቤታቸውን ወለል እወለውላለሁ፤ ዲግሪው ለወለሉ የጨመረለት ነገር ባይኖርም የቀነሰበትም የለም። ኢንጂኜሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ታዲያ በጡረታቸው ምን ያደርጋሉ? እሑድ እሑድ ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር በአሮጌ ጂፖች መንገድ የሌለበት አገር ፍለጋ ይወጣሉ! በአዘቦት ቀን የጠረጴዛ ልብስ ላይ ፍርፋሪ ቢወድቅ ፊታቸው የሚጠቁረው ሰውዬ፣ እሑድ ማታ በሩ የተጨረመተ ጂፕ ይዘው እያፏጩ ይመለሳሉ። ከመንገድ የወጣ ሰው ለተራራው ቆርቆሮ መገበር አለበት ይላሉ። ግብሩንም ሳያጓድሉ ይከፍሉ ነበር።

እዚህ ላይ ጋሽ መኩሪያ ይገባሉ። ጋሽ መኩሪያ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ በአዲስ አበባ የታወቁ ባትላሜራ ነበሩ። የተጨማደደ ቆርቆሮ በመዶሻ ሲያቃኑ ልብስ የሚተኩሱ ነው የሚመስለው። አብዮቱ ጋራዣቸውን ወረሰ፤ እጃቸውን መውረስ ግን አልተቻለምና እሱን ይዘው በስንት መከራ ሮም ገቡ። ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ። ጣልያንኛ አያውቁም። ዳቦ ቤት ገብተው ዳቦ መጠየቅ አይችሉም፤ ስለ መኪና ከሆነ ግን ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ ሁሉንም እየጠሩ ከማንም ጋር ይግባባሉ። ጣልያኖቹ የእኛን የጋራዥ ቃላት እንዴት እንዲህ አጥርተው ሊያውቁ እንደቻሉ አንድ ቀን በአድናቆት ጠይቀውኛል።

የጋሽ መኩሪያ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ማለት ነው፣ በመስከረም መጨረሻ ያበቃል። የሚቀጥራቸው ሰው የፈረመበት ወረቀት ካላቀረቡ አይታደስም፤ ካልታደሰ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ ለማናችንም ግልጽ አልነበረም። ከኢንጂኜሬ የእሑድ ወዳጆች አንዱ ኦፊቺና፣ ማለትም ጋራዥ፣ ስላለው፣ እንደምንም ደፍሬ ኢንጂኜሬን አማላጅ እንዲሆኑልኝ ለመንኩ። እሳቸውም አሎራ፣ መጀመሪያ እጁን ልየው አሉ፤ ነሐሴን ባሕር ዳርቻ ስናሳልፍ የጂፑን ፍሬን ይሥራልኝ፣ ደህና ከሠራ ለወዳጄ እነግረዋለሁ።

ቁልፉን ሲያስረክቡ ጂፑን አዙረው አሳዩን፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ይህቺ በሩ ላይ ያለችው ከወንዝ ውስጥ ድንጋይ ያገኘናት ናት፤ ይህቺ ኮፈኑ ላይ ያለችው የወይራ ዛፍ ናት፤ ይህቺን የረገጠልኝ በቅሎ ነው። እያንዳንዷን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር የሚናገሩት። እኔም አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። በመጨረሻ፣ እነዚህን እወዳቸዋለሁ፣ ምንም አይደሉም አሉ። ጋሽ መኩሪያ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው «ምስኪን፤ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» አሉኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ደህና ሰው ጓዳው ባዶ ሆኖ እንኳ ምንም አልጎደለም ይላል። እግሩን የረገጥከውም ሰው እንባው እየመጣ ምንም አይደል ይልሃል። ምንም አይደል ያለህን ሰው ታዲያ አምነኸው ትሄዳለህ? አትሄድም። ጋሽ መኩሪያም አላመኑም። ሰውየው የሚያሠራበት ቢያጣ ነው ችግሩን በጨዋታ የሚሸፍነው ብለው ደመደሙ።

ነሐሴ ገባ፤ ጌቶቼ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረዱ። እኔ አበባ ላጠጣ ቀረሁ። አንድ ጠዋት ከግቢው ጋራዥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ፍሬን በመዶሻ እንደማይሠራ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም ታውቃለች። ሮጬ ስገባ ወንዙ የለም፤ በቅሎውም ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። «ጋሼ፣ ምናልባት ባለቤቱ…» ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ መኩሪያ ቀና ሳይሉ «አንቺ ደግሞ፣ ሰው እንዲህ ተጎድቶ እያየሽ ዝም ትያለሽ? ሂጂ መጽሐፍሽን አንብቢ» አሉኝ። ሄጄ አነበብኩ። ዓይን አፋርነትን ጨዋነት ነው እያሉ የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ፤ ያን ቀን እኔን ቢያዩ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እኔንም ደስ አለኝ።

ጌቶቼ የተመለሱ ቀን ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ጂፑ ቀለም ሁሉ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ኢንጂኜሬ አንዴ ዞሩት፤ ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ወንዜ የት ሄደ? አሉ። ጋሽ መኩሪያ «ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ አመሰግናለሁ ይላሉ አልኩ። በትርጉም ሥራ የመጀመሪያው ኃጢአቴ ነው። «ምንም አይደል በያቸው» አሉኝና የሰውየውን ፊት ጥቂት ካጠኑ በኋላ «የሚያመሰግን ሰው ፊቱ እንዲህ ነው እንዴ?» ሲሉ ጨመሩበት። ኢንጂኜሬ ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ አሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲሉት ምንም ደህና ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ስለ ኦፊቺናው እናስብበታለን ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሐሙስ ከሰዓት የዕረፍት ጊዜዬ ስለሆነ ከጋሽ መኩሪያ ጋር ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንገናኛለን። ፈረሙ ወይ? ይሉኛል። እያሰቡበት ነው እላለሁ። «ምኑን ነው የሚያስቡት? ሌላ የተጎዳ መኪና አላቸው?» ይላሉ። ፔርሜሶው ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ቀረ፤ ከዚያ ሁለት።

እሑድ የኢንጂኜሬ ወዳጆች ሊወስዷቸው መጡ። አንዱ እንደ ሠርግ አጀብ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ባለ ኦፊቺናው ኮፍያውን አውልቆ ሙሽሪት የት አለች አለ። ኢንጂኜሬ ራሴን ያመኛል ብለው ቀሩ። ሲኞራ ግን ጫጫታውን ሰምተው ወረዱ። የጂፑ በር ላይ መልካቸውን አዩ፤ ጠጋ ብለው ፀጉራቸውን አስተካከሉ። ይህን ማን ሠራው? ሲሉኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠየቅሁት በላይ ተናገርኩ። ጋራዡን፣ ፔርሜሶውን፣ መስከረም መጨረሻን፣ ሁሉንም ሳልተነፍስ ዘረገፍኩት። ሲኞራ የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ቀጥታ ወደ ስልኩ ሄዱ። የደወሉት ለባለ ኦፊቺናው ሚስት ነበር።

ለካ ይህቺ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ ለቅዳሴም ለሠርግም በባሏ በተጨረመተ ጂፕ ስትወሰድ ኖራለች። ባሏን ምን እንዳለችው አልሰማሁም። የማውቀው ፔርሜሶው ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው ወረቀቱ ተፈርሞ መምጣቱን ነው።

ኢንጂኜሬም በሦስተኛው እሑድ ይቅር አሉን። ፓራፋንጎው እንደ ተጨመቀ ወረቀት ሆኖ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡና ነይ እይ ብለው ጠሩኝ። ጋሽ መኩሪያ ግን ጂፑ አጠገብ ዝር እንዳይሉ ተከልክለዋል። የቀሩት ሦስቱ ባሎች እሑድ ያጋጫሉ፤ ሚስቶቻቸው ሰኞ ወደ ኦፊቺናው ይልካሉ። የጋሽ መኩሪያ ሰኞና ማክሰኞ በዚህ ይሞላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉልኛል። ጤናዬን ይጠይቃሉ፤ ከአባቴ ደብዳቤ መጣ ወይ ይላሉ፤ ከዚያ እንደ ዋዛ ነገ ሰዎቹ ወዴት ናቸው? ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ «ሜዳ ነው አሉ ጋሼ፣ ሣር ብቻ ነው» አልኳቸው። «ሣር ብቻ?» አሉ። እኔም ልቤ ተነካና አይዞዎት ልል ስል ቀደሙኝ።

«አይዞሽ» አሉ፤ «እግዚአብሔር አንድ ድንጋይ አያጣም።»