ሪባን የታሰረበት ማሞቂያ

ብሮንክስ ያለው የሕንፃችን ባለቤት ሚስተር ፕሬስኮት የዓለምን አየር ከጥፋት ለማዳን ቆርጠው ተነሡ። ከተማው «ከልክ በላይ ጭስ የሚያወጣ ሕንፃ ይቀጣል» የሚል ደንብ ባወጣ ማግስት ለአየሩ ያላቸው ፍቅር መቀስቀሱ፣ እንዲያው አጋጣሚ ነው።

በደንቡ መንፈስ መሠረት፣ አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት የወይዘሮ (በስፓኒሽ አጠራር የዶኛ) ኦፌልያ ቤት «አርአያ ቤት» ተብሎ ተሰየመ። የእንፋሎት ማሞቂያቸው ተነቀለ፤ በምትኩ ነጭ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሰቅሎ ቀይ ሪባን ታሰረበት። የማብሪያው ቁልፍ እስከ ምርቃቱ ቀን በከተማው ሹም ኪስ ተቀመጠ። ለቀረነው ግን ምድር ቤት ያለው እንፋሎት አመንጪ ቦይለር እንደ ድሮው ያጨሳል።

ጥር ነበር። ዶኛ ኦፌልያ ካፖርት ደርበው አምስተኛ ፎቅ ወጡ። ሚስተር ፕሬስኮት በካናቴራ ሆነው ከፈቱላቸው፤ እንፋሎቱ ስላጋላቸው መስኮታቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«በብርድ አለቅኩ እኮ! ቁልፉን ያስመጡልኝና ላብራው።»

«ሳይመረቅ? ምን ነካዎት!»

«መቼ ነው ታዲያ የሚመረቀው?»

«ትናንት ነበር። ሹሙ ብርዱ ጠና ብለው አስተላለፉት።»

«እንግዲያው ለከተማው ደውዬ እከስዎታለሁ!»

«ይደውሉ! ስልኩን የሚያነሡት እኚያው ሹም ናቸው። ይታገሱ እንጂ፣ አርአያ መሆን ክብር ነው።»

ዶኛ ኦፌልያ ክብራቸውን ተሸክመው ወረዱ። ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ተኙ።

ብርዱ ለዘብ ሲል ሹሙ ከነካሜራቸው መጡ። ቆጣሪውን አይተው ተደነቁ። «ጭስ የለ! ኤሌክትሪክ እንኳ አልበላ! የወደፊቱ ቤት ማለት ይህ ነው!» ሪባኑ ተቆረጠ፤ ማሞቂያው በራ። ዶኛ ኦፌልያ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ።

«ይህን ያህል ክብር ለእኔ ብቻ ይበዛል» አሉ። «ሁለተኛው አርአያ ቤት የሚስተር ፕሬስኮት ይሁን።»

ሹሙ አጨበጨቡ። ካሜራው እያየ ስለነበር ሚስተር ፕሬስኮትም አጨበጨቡ።

በነጋታው የእሳቸውም የእንፋሎት ማሞቂያ ተነቀለ፤ በኤሌክትሪኩ ላይ ሪባን ታሰረ፤ ቁልፉ ሹሙ ኪስ ገባ። ማታውኑ በረዶ ወረደ፤ ምርቃቱም ተላለፈ።

ሚስተር ፕሬስኮት ሁለት ካፖርት ደርበው አንደኛ ፎቅ አንኳኩ። ዶኛ ኦፌልያ በስስ ቀሚስ ብቅ አሉ።

«እባክዎ፣ ትንሽ ልሙቅ።»

«ይግቡ እንጂ» አሉ ዶኛ ኦፌልያ። «ክብርዎን ግን ኮሪደሩ ላይ ይተዉት። ቤት ያቀዘቅዛል።»