የክብርት ዶክተር አከርካሪ ደንበኛ

ከዘመድ መካከል አንዱ ዩኒቨርሲቲ በገባ ቁጥር የቀረነው ቤተሰብ በሙሉ መማሪያ እንሆናለን። ይህን ያልቀመሰ ቤት የለም። የሕግ ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉም ተከሳሽ ነው፤ ጨው አቀብሉኝ ያለ ሰው ሳይቀር ማስረጃ ይጠየቃል። የሥነ ልቦና ተማሪ ያለበት ቤት ማንም ዝም ብሎ መናደድ አይችልም፤ ንዴቱ ከልጅነቱ የመጣ መሆኑ ይነገረዋል። የሕክምና ተማሪ ያለበት ቤትማ የሚሳለው ትራስ ውስጥ ተደብቆ ነው። እኛ ቤት የደረሰን ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ የእኛዋ የምትማረው መንቀሳቀስን ነው። ከሕግ ተማሪ ዝም በማለት ማምለጥ ይቻላል። ከእሷ ለማምለጥ ግን አለመቀመጥ፣ አለመቆምና አለመራመድ ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው ለእኛ ቤት ስለሚቀርብ እኛው ጋ ሆና ነው የምትማረው። የትምህርት ክፍሏ ሙሉ ስም የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የመዝናኛና የስፖርት ሳይንስ ይባላል። ይህን ስም በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ዘመድ እስካሁን አልተገኘም። እኔ ለማሳጠር ያህል «ክብርት ዶክተር አከርካሪ» የሚል ማዕረግ ሰጥቻታለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ማዕረጉን ገና አላጸደቀውም።

ይህን ክፍል የመረጠች ጊዜ እናቷ ስልክ ደውላ ነገሩን እንደ መርዶ አረዳችኝ። «ሐኪም ትሆንልኛለች ስል፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መዝለል ተማረች ልበል ለሰው?» አለችኝ። እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ማጽናናት ሲገባኝ፣ «ሩጫ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? ውሻ መልቀቅ ይበቃ ነበር» አልኳት። በዚህ ቀልዴ ሳምንቱን ሙሉ ስስቅ ሰነበትኩ። ውሻው በእኔ ላይ እንደሚለቀቅ የት አውቄ።

ክብርት ዶክተር አከርካሪ ሰው ስታይ ፊቱን አታይም። እንግዳ በር ላይ ሲቆም እኛ «ግባ፣ ግባ» ስንል እሷ ጉልበቱን አይታ ጨርሳለች። «አጎቴ፣ ሰውየው በቀኝ እግሩ ላይ ነው የሚኖረው» ትለኛለች በጆሮዬ። ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነበር የሚመስለኝ። ሶፋ ላይ ጋደም ያልኩ እንደሆነ ደግሞ ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ፣ በአጠገቤ ስታልፍ «ትከሻ» ብላ ብቻ ታልፋለች። እራት ላይ «ትከሻ»። ስልክ ሳነጋግር «ትከሻ»። ደህና ነኝ ብዬ ስከራከራት የሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ «ሰውነት አይዋሽም።» ባለቤቴ በመጀመሪያው ወር ትከሻዋን አስተካክላ ተገላገለች። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ግትርነቴም ያለው ወገቤ ላይ ነው።

ከእሷ ጋር ኳስ ማየት ቀርቶብኛል። እኛ ጎል ስንጠብቅ እሷ የበረኛውን ቁርጭምጭሚት ትጠብቃለች። አንድ ቀን የምንደግፈው ቡድን እየመራ፣ እኛ በደስታ ሶፋውን ልንሰብረው ስንል፣ «በረኛው ይህን ጨዋታ አይጨርስም» አለች። ሟርተኛ አልናት። ከእረፍት መልስ በረኛው እያነከሰ ወጣ፤ በተቀያሪው ላይ ሦስት ገባብን። ትክክል በመሆኗ እስከዛሬ ይቅር አላልናትም።

መሥሪያ ቤቴም አልቀረም። ቁልፍ ልታቀብለኝ መጥታ በር ላይ ቆም አለችና የተደረደርነውን ጋዜጠኞች በሙሉ በዓይኗ ቃኘችን። «አጎቴ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመው የመጽሐፍ መደርደሪያው ብቻ ነው» አለችኝ፤ እሷ በሹክሹክታ መናገር አታውቅበትም። ዋና አዘጋጃችን ከዚያን ቀን ወዲህ መምጣቷን ከሰማ አንገቱን እንደ ወታደር አቁሞ ይጠብቃታል። ፀጉር አስተካካያችንንም እንዲሁ፣ «ጋሼ፣ ወንበሩን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ክንድዎ አይሰቀልም» አለችው። ዝቅ አደረገው፣ ተሻለው መሰለኝ። አሁን ገና ስገባ «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ነው የሚለኝ። የእኔን ደህንነት የሚጠይቀው በምላጩ ጆሮዬን ሲነካኝ ብቻ ነው።

እኔ እንግዲህ አምድ ጸሐፊ ነኝ፤ ኑሮዬ ወንበር ላይ ነው። ስለ ሩጫም ስለ ስንፍናም የምጽፈው ተቀምጬ ነው። ከወንበር ስነሣ የማወጣው ድምፅ አለ፤ ባለቤቴ ጓዳ ሆና ትሰማውና «ተነሣህ?» ትለኛለች። የጫማዬን ክር ለማሰር አልጋ ላይ እቀመጣለሁ፤ አስሬ ስጨርስ ደግሞ ለምን እንደተቀመጥኩ ረስቼ ጋደም እላለሁ።

ለመመረቅ የሚዘጋጁት ተማሪዎች አንድ የተግባር ሥራ አለባቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ፈልጎ ያመጣል፤ ደንበኛ ይሉታል። ደንበኛውን ይለካዋል፣ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ያወጣለታል፣ ሦስት ወር ያሠራዋል፣ መልሶ ይለካዋል። ከዚያ መምህራን ፊት ደንበኛውን ይዞ ቀርቦ ለውጡን ያሳያል። ለውጥ ከሌለ ማለፍ የለም፤ ማለፍ ከሌለ ምረቃ የለም። ክብርት ዶክተር አከርካሪ አንድ ቀን ፊቴ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አጎቴ፣ እንዳንተ ያለ ሰው የትም ፈልጌ አላገኘሁም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ እሺ አልኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። ለካ የፈለገችኝ ለናሙና ኖሯል።

የመጀመሪያው ልኬት የተደረገው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በአንድ ሰፊ ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው። ጥግ ላይ የፕላስቲክ አጽም ተሰቅሏል፤ አጽም ሆኖም ከእኔ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የክፍል ጓደኞቿ ቱታ ለብሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ሸንቃጣ። እኔ በካናቴራ መሃላቸው ቆምኩ። ሜትሩን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ ራሴን መስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረገው ሰይጣን ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሆዴን ስቤ ወደ ጀርባዬ ላክሁት።

«ተንፍስ» አለችኝ።

«ተንፍሻለሁ» አልኳት። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ አየር ግን አልነበረበትም።

ቀና ብላ አየችኝ። ሜትሩን አየች። ትንሽ ቆየችና ቁጥሩን ጽፋ የዚያኑ ሰዓት ለክፍሉ አስገባች። ተሞኘችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዩኒቨርሲቲው በር ወጥቼ፣ ጥግ ይዤ የያዝኩትን ስለቀው፣ እዚያ የቆመ አንድ የታክሲ ሹፌር ጎማው የተነፈሰ መስሎት ወርዶ አየ። ሰውነት አይዋሽም የምትለዋን ልጅ በገዛ ሰውነቴ ዋሸኋት እያልኩ እስከ ቤቴ ድረስ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ከዚያ መከራው ተጀመረ። ማለዳ የመኝታ ቤቴን በር ታንኳኳለች። ወንበር ታቀርብልኝና እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ተነሣ ተቀመጥ ታሰኘኛለች። «ለመቀመጥስ መምህር አያስፈልገኝም» ብላት፣ «አንተ ትወድቃለህ እንጂ አትቀመጥም» አለችኝ። መጀመሪያ ሰሞን የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ጨመርኩ። መዝናኛ ደግሞ የትምህርቷ ግማሽ ስለሆነ ከሥራ ስመለስ ግቢ ውስጥ ኳስ መወራወር አለ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ስትታዘበኝ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። ያቺ የማውቃት ቁጥብ ሴት ኳሱን ግንባሬ ላይ ለጥፋ እንዲያ ስትስቅ፣ ከተጋባን ወዲህ አይቻት አላውቅም።

እየዋለ እያደረ ነገሩ ይለወጥ ጀመር። የጫማዬን ክር ቆሜ አሰርኩ። ቀበቶዬን ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አሳለፍኩት። አንድ ምሽት ከሶፋ ተነሥቼ ጓዳ ስገባ ባለቤቴ ደነገጠች። «ምነው፣ ማቃሰትህ የት ሄደ? ቤቱ ጭር አለብኝ እኮ» አለችኝ። ልጅቷም ተስፋዋ ከፍ አለ፤ ከክፍሉ አንደኛ ልወጣ ነው ብላ ለእናቷ በስልክ ስትነግር ሰማሁ። እናቷም መዝለልም ቢሆን አንደኛ ከተወጣበት ይሁን ብላለች አሉ።

የሁለተኛው ልኬት ቀን ደረቴን ነፍቼ ገባሁ፤ ከመኩራቴ የተነሣ ሆዴን መሳብ ረሳሁት። ለካችኝ። ደግማ ለካችኝ። ሜትሩን ገልብጣ አየችውና ለሦስተኛ ጊዜ ለካችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ላቤ ጠብ ብሎ፣ ወገቤ ከመጀመሪያው ልኬት በልጦ ተገኘ። የሠራሁት ሥራ ያኔ ገባኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ወፍሮ ጠበቀኝ።

«ሜትሩ ተለጥጦ እንዳይሆን» አልኳት። ድፍረቴን እዩልኝ።

«ሜትር ሲለጠጥ ወገብ ያጠባል እንጂ አያሰፋም፣ አጎቴ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያገኘሁትን አቀርባለሁ።»

ሜትሩን ስትጠቀልል ትከሻዋ ወርዶ ነበር። የእሷን ትከሻ ወርዶ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ስደርስ ጓዳ ገብቼ ጉዴን ለባለቤቴ ነገርኳት። እስኪያስነባት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ «ልጅቷ ትወድቃለች እኮ» አለችኝ።

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

«ለእሷ መንገር ምን ይረባታል? ውጤት የሚሰጧት መምህራኖቿ ናቸው» አለችኝ።

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። ከፊት ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ መሃል ያሉት የክፍሉ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እንደ ጅራፍ የቀጠኑ ሴት ናቸው። ተማሪዎቹ ከኋላ ሞልተዋል። እኔ በቱታ መድረኩ ላይ ተሰይሜያለሁ፤ ከበላዬ የወገቤ ልክ፣ የበፊቱና የአሁኑ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳውን ሞልቶታል።

«ደንበኛሽ ሦስት ወር ሠርቶ ወገቡ ሰፋ» አሉ ኃላፊዋ። «ፕሮግራምሽ አልሠራም ማለት ነው?»

«ቁጥሩ የሚለው እንደዚያ ነው። ሌሎቹ ፈተናዎች ላይ ግን ተሻሽሏል።»

«ሌሎቹን አይቻለሁ። ዋናው ግቤ ብለሽ የጻፍሽው ግን ወገቡን ነው። እሱን አስረጂን።»

በሰው ቁርጭምጭሚት ትንቢት የምትናገር ልጅ መሬት መሬት ታይ ጀመር። እኔ ተነሣሁ።

«ሜትር ይኖራችኋል?» አልኩ።

«እርስዎ የሚናገሩበት ሰዓት አይደለም» አሉኝ ኃላፊዋ።

«ልናገር አይደለም፣ ልለካ ነው።»

ራሳቸው ሜትሩን ይዘው መጡ። ያን ቀን እንዳደረግሁት ሆዴን ስቤ ወደ ጀርባዬ ላክሁትና፣ በዚያው አየር በሌለው ድምፄ «ይለኩኝ» አልኳቸው። ለክተው ጮክ ብለው አነበቡ፤ ከመጀመሪያው ልኬት አራት ጣት ያህል ያንሳል። «አሁን ይጠብቁ» አልኩና ለቀቅሁት። ሆዴ በሕዝብ ፊት ወደ ቦታው ተመለሰ። ከኋላ አንዱ ተማሪ በሳቅ ከወንበሩ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«የመጀመሪያው ቁጥር ውሸቴ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሸቴን ከውሸቴ ጋር ካስተያዩት ልጅቷ ሥራዋን ሠርታለች።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ውሸትን ከውሸት ጋር ማወዳደር» አሉ፤ «ስንት ዘመን ሳስተምር ይህን ዘዴ አላየሁትም።» ከዚያ ወደ ወንበሩ ጠቆሙኝ። እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ሳቁ ጸጥ አለ። ኃላፊዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ደንበኛው በእርግጥ መተንፈሱን ማየት የለካው ሰው ኃላፊነት ነው። አልፈሻል፤ ነጥብ ግን ይቀነስብሻል» አሏት። አንደኝነቱ እዚያው ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አታለልኩሽ» አልኳት።

«አላታለልከኝም» አለችኝ። «ፊትህ ቲማቲም መስሎ፣ የአንገትህ ሥር ተገትሮ፣ እንዴት አድርገህ ነው የምታታልለኝ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እያወቀች ነበር ያሠራችኝ።

«ታዲያ ምነው ያኔውኑ ብትናገሪ?»

«ጓደኞቼ ቆመው እያዩህ ነበር። እነሱ ፊት ሆድህን ልቀቅ ብልህ በማግስቱ ለልምምዱ አትመጣም ነበር።»

እውነቷን ነው፣ አልመጣም ነበር። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ጋዜጣው ቢሮ የማንንም ጉድለት ሳትናገር የማታልፍ ልጅ፣ በዕድሜዋ አንድ ነገር አይታ እንዳላየች አልፋለች፤ ያም የእኔ ሆድ ነው። እንዴት እንደወደድኳት ልነግራት ፈልጌ፣ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው አንድ ቃል አጣሁ።

«አንደኝነቱስ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እሱማ ቀረ» አለችኝ። «አንተ ግን መጣህ።»

ዓይኔን በካናቴራዬ ጫፍ ጠረግሁ። «ላብ ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና፣ «አዎ፣ ላብ ነው» አለችኝ።