ከክፍሏ ጋር የተከራየኋት እናት

ቤት መከራየት ለእናንተ ደላላ መፈለግ ነው። በእኛ ጊዜ ዘመድ መሆን ነበር። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ግለሰብ ማከራየት ስለተከለከለ፣ በየጓሮው ባለች ክፍል የሚኖረው ተከራይ ሳይሆን የወንድም ልጅ ወይም የባል ዘመድ ነው። ያኔ ጉለሌን የቆጠረ ሰው፣ እንዲህ የተዋለደ ሰፈር በዓለም የለም ብሎ መሄዱ አይቀርም።

እኔም ከብዙ ፍለጋ በኋላ፣ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ለታይፒስት ደመወዜ የምትመጥን አንዲት ክፍል አገኘሁ። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የእናቴን ስም ነገሩኝ።

"ብርቄ ትባላለች፤ ፍቼ ነው ያለችው። የታናሽ እህቴ ልጅ ነህ፣ በቃ።"

ቀበሌም የተመዘገብኩት እንዲሁ ነው። ከተነቃብን እሳቸው ክፍሏን ይወረሳሉ፣ እኔ ጎዳና ላይ ነኝ።

ክፉ አመል ሆኖብኝ ነገር መመርመር እወዳለሁ። እናት ከተሰጠችኝ አይቀር ልወቃት አልኩ። ረጅም ናት አጭር? ቁጡ ናት? እኔን ስትወልድ ምጥ ጸናባት? እትዬ አስካለ መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ፊታቸው መጥቆር ጀመረ። ቀስ በቀስ እንደደረስኩበት፣ እህትማማቾቹ በአባታቸው ርስት ተጣልተው ከተኳረፉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። የሷ ልጅ ያደረጉኝም ለዚሁ ነው፤ መቼም ደጃቸውን አትረግጥም። ርስቱንማ መንግሥት ወረሰው፣ ኩርፊያው ግን አልተወረሰም። ብርቄ ልጅ አለመውለዷ ካፋቸው ያመለጣቸው ዕለት፣ አይቻት ለማላውቃት ሴት አዘንኩ።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ጓድ ታዬ የዋህ ሰው ነው። ለለቅሶ ፍቼ ሲሄድ በመዝገብ ስሟን የሚያውቃትን ብርቄን አፈላልጎ አገኛትና "ልጅሽ አክስቱ ጋ ተደላድሎ ይኖራል" አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርዳ ቀበሌ ስትጠይቅ፣ ደስ ብሎት ራሱ ይዟት መጣ።

እኔ ደጅ ሸሚዜን አጥባለሁ። እትዬ አስካለ እህታቸውን ሲያዩ የያዙት ሰፌድ እጃቸው ላይ ቀረ። ጓድ ታዬ የናትና የልጅ ናፍቆት ለማየት ፈንጠር ብሎ ቆሟል። አጭር ሴት ናት። የሸጎሌ በግ ነጋዴ እንደሚያይ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ይሄ ማነው ካለች አለቀልን።

"ከሳህ" አለችኝ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። "ልጄን አታበዪውም እንዴ አስካለ?"

እትዬ አስካለ ሰፌዱን ጥለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ጓድ ታዬም አብሮ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ወላጅ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ "ከሳህ" ያለኝ ሰው አልነበረምና የምሬን አለቀስኩ።

ክፍሌ ተረፈች ብዬ ነበር። ለካስ አሥር ዓመት አኩርፋ የታረቀች እህት በሦስት ቀን ፍቼ አትመለስም። የት ትደር? ልጇ ክፍል ነዋ! በቀበሌ መዝገብ የታወቀች እናቴን እንዴት ውጪልኝ እላለሁ? ወሩ ሳይሞላ እሷ አልጋዬ ላይ፣ እኔ ሸጎሌ ቤት ፍለጋ።

እዚያም አንዲት ወይዘሮ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል ከፍተው አሳዩኝ። ጠባብ ብትሆንም ብርሃን አላት። ስለ ኪራዩ ከመነጋገራችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

"እህት አለዎት?"