ቫይረስ ሽማግሌ ሲሆን

አምስት ደቂቃ ስጡኝ። በባጃጄ ከነቀምቴ ገበያ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በምትደርሱበት ጊዜ ውስጥ አንድ ሰርግ እንዴት እንደተቆረጠ አሳያችኋለሁ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ? ቫይረስ ሲባል ግን አገሬው መልአኩንም ሰይጣኑንም አንድ ላይ ነው የሚሸሸው። ባክቴሪያ ብቻ እያሳደደ የሚኖር፣ እኛን ዞር ብሎ የማያይ ቫይረስ አለ ብትሉት ማን ይሰማችኋል? ይህን የማውቀው ተምሬ እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ባጃጅ ጠልፎኛል። ሰው እስኪሞላ በስልኬ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ለተሳፋሪ ካልተናገርኩ ያመኛል።

የተማረው ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ እነዚህን ቫይረሶች ያረባል። ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው። የጉቴዋን ለሊሴን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ ኦቦ ፊጣ «ቫይረስ ለሚያረባ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሱ። ሞኝ አይደሉም፤ ጡረታ እስኪወጡ ከብት ሲያክሙ የኖሩ፣ በሽታ በጫማ ሶል ከበረት ወደ በረት ሲሻገር ያዩ ሰው ናቸው።

ለሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ ጭኜ ጉቴ ወረድኩ። አሁንም እምቢ ካሉ ሌላ ጠያቂ ደጅ ላይ እንዳለ ለሊሴ ለገመቹ ነግራዋለች። ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ዲንቃ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አፍህን ከባጃጁ ጋር ቆልፈህ ግባ!»

ቆለፍኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ «ካልሰጡን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«እግራችሁ እስኪዝል ቁሙ!» አሉ ኦቦ ፊጣ። «ልጁ የሚያረባው ነገር ሰው ውስጥ እንደማይገባ ትምላላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ግን አፌን እንደቆለፍኩ መቆየት አልቻልኩም።

«ይገባል!» አልኩ።

ኦቦ ዲንቃ በከዘራቸው ጫፍ እግሬን ወጉኝ።

«በራሱ አይደለም፣ ኦቦ። በራሱ የሰውን በር አያውቀውም። እነ ገመቹ የራሱን ጓዝ ከሆዱ አውጥተው፣ ለታመመ ሰው የጎደለውን ጂን፣ ማለት ዘረመል፣ ይጭኑበታል። የሰው ህዋስ አይቶ የሚከፍትለትን ምልክት ደግሞ ያለብሱታል። እነዚህን ሽማግሌዎች ይዩአቸው! የራሳቸውን ጉዳይ ቤት ትተው የገመቹን ቃል ይዘው መጡ፤ እርስዎም ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን አይተው ከፈቱ።»

«ከገባ በኋላስ? የቤቱ ባለቤት መልእክቱን ቢበላውስ?»

የከብት ሐኪም ጥያቄ!

«አብዛኛውን ጊዜ ይበላዋል። የህዋሱ ጂን ወደተቀመጠበት ጓዳ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ገና ሙከራ ላይ ናቸው። እንዴት እንደሚሻገሩት አላውቅም፤ ገመቹም አያውቅም።»

ኦቦ ፊጣ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ባለፈው የመጡት ሁሉን አዋቂ ነበሩ። ‹ምንም የለም፣ ምንም አይነካም› ሲሉኝ ነው የጠረጠርኩት። አላውቅም የሚል ወንድም ያለው ሰው ይሻላል። በሉ፣ ተቀመጡ!»

ተቀመጡ ማለት ሰጠሁ ማለት ነው። ከውስጥ እልልታ ፈነዳ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይባላል፤ ይባል! ድምፁ የለሊሴ ነበር።

ተመልሰን ነቀምቴ ደረስን። ኦቦ ዲንቃ ሲወርዱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«እኛን ነው ቫይረስ ያልከን?»

«ደጉን ነው፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው ሰርጉ ላይ ለሚስቴ አንተው አስረዳልኝ።»

እናንተም ሞክሩት። የፈራ ሰው ስታገኙ አትሳቁበት፤ የምታውቁትን በሚያውቀው ነገር መስላችሁ ንገሩት፤ እውቀታችሁ ሲያልቅ ደግሞ «አለቀ» በሉት። ዛሬውኑ ሂዱ። ሲከፋ ያባርሯችኋል፤ ሲቀና ይድሩላችኋል።